ልብስን በዕድሜው መግዛት

ሰሜን ወሎ ውስጥ ባለችው ሐራ ገበያ ልብስ ሊገዛ የወጣ ሰው ሦስት ዓይነት ሸቀጥ ያገኛል። አንዱ በላስቲክ ታሽጎ የመጣው፣ ሁሉም በደፈናው «የቻይና» የሚለው አዲስ ልብስ ነው። ሌላው ከቦንዳ ተፈትቶ ሸራ ላይ የሚዘረገፈው ሰልባጅ ነው። ሦስተኛው ሸማኔ የሸመነው ነጠላና ጋቢ፣ ልብስ ሰፊ በልክ የሰፋው ሱሪና ቀሚስ ነው። ወልዲያም ሆነ መርሳ ቢኬድ ምርጫው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «ስንት ጊዜ ይለበሳል?» የሚለው ሲሆን፣ ሻጩ የማይመልሰው፣ ገዢው ራሱ ጨርቁን ዳሶና አገላብጦ ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ለማሳያ ያህል እናስላ። አንድ ሸሚዝ በ500 ብር ተገዝቶ 20 ጊዜ ከታጠበ በኋላ ቢጣል፣ በአንድ እጥበት 25 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። 2,000 ብር የተከፈለበት ሌላ ሸሚዝ 200 እጥበት ቢችል ወጪው 10 ብር ብቻ ይሆናል። ውድ የመሰለው ረከሰ፤ ርካሽ የመሰለው ተወደደ። እርግጥ 2,000 ብር በአንድ ጊዜ ለማውጣት የማይችል ሰው ስሌቱን ቢያውቅም ኪሱ አይፈቅድለትም፤ ርካሹን ደጋግሞ የሚገዛውም ሞኝ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው «ውድ ግዙ» ለማለት ሳይሆን፣ ያለውም የሌለውም በእጁ ካለው ጨርቅ ረጅም አገልግሎት የሚያገኝበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ የቻይና ብለን የምናልፈው ልብስ እንዴት እንዲህ ሊረክስ እንደቻለ እንይ። በዓለም ገበያ «ፈጣን ፋሽን» የሚባለው አሠራር የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ በየሳምንቱ በሚለዋወጥ ሞድ፣ በርካሽ ጉልበትና በርካሽ ክር። ከ2000 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ የዓለም የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ አድጓል፤ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ ግን ቀንሷል። የጉልበቱ ነገር ምን ያህል እንደከፋ ዓለም በግልጽ ያየው ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ባለቁ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሱቆች ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሴቶች ነበሩ።

ይህ ከእኛ የራቀ ታሪክ አይደለም። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በሐምሌ 2009 ሲመረቁ፣ ኢትዮጵያ በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ስፍራ ለመያዝ ነበር የተነሣችው። በግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብአዊ መብቶች ማዕከል ባወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ለውጭ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2014 መጀመሪያ ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ስትወድቅ ፋብሪካዎቿ ተጎዱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ ዘጋ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመርም ሥራው ሲጀመር የዚሁ የኢንዱስትሪ ተስፋ አካል ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ የሌላ አገር ሰው በየወሩ ሞድ እንዲቀይር እየሰፉ መኖር ገዢው ፊቱን ባዞረ ቀን የሚቆም እንጀራ ነው።

ፈጣን ፋሽን እኛ ዘንድ የራሱን መልክ ይዞ ገብቷል። የጥምቀትንና የገናን ሰሞን ያየ፣ ለኢድና ለአረፋ ልጆቹን ያለበሰ፣ በነሐሴ ራያ ቆቦ ላይ ለሶለል፣ ላስታ ላይ ለአሸንድዬ የሚያጌጡ ልጃገረዶችን ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል። ድሮ በሸማኔ እጅ ይሠራ የነበረው ጥበብ ዛሬ በማሽን ታትሞ፣ ፖሊስተር ላይ ተለጥፎ፣ ከውጭ በጥቅል ይገባል። ከሩቅ ሲያዩት የሐበሻ ቀሚስ ነው። ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ተደርጎ ይገዛል፤ ለሠርጉ ቀን ይለበሳል፤ ለፎቶው ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቶ በሚቀጥለው ሠርግ በሌላ ቀለም ይተካል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ትልቁ ባላጋራ ፈረንጅ ሱሪ አልነበረም፤ የራሳቸውን ጥለት አስመስሎ በትንሽ ዋጋ የሚሸጠው ይህ ጨርቅ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ክር ነው፤ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ የሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ተቀልጦ፣ እንደ ጸጉር ቀጥኖ የተጎተተ ነው። ዛሬ ዓለም ከምታመርተው የልብስ ክር ከግማሽ በላዩ ይኸው ነው። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ከልብሱ የውስጥ ጠርዝ ላይ አንዲት ክር መዝዞ፣ ከሌላ ነገር አርቆ፣ በወረቀት መቆንጠጫ ወይም በወስፌ ጫፍ ይዞ በክብሪት መለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ግን እሳት ሲያገኘው ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ ሲበርድ በጣት የማይፈጭ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ጠባይ ያሳያል። ነጋዴው ክር ይመዘዝብኝ ካላለ፣ ይህ ሙከራ ከማንኛውም የአንገት ጽሑፍ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል።

ፖሊስተር በራሱ ኃጢአተኛ ነው አልልም። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለዝናብ ልብስና ለሻንጣ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንደ ሐራ ባለ ቆላማ ስፍራ ላብ አይመጥም፤ አካልን ያፍናል። ሲታጠብ ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ብናኞች ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ሲያረጅም ቡቱቶ እንኳ አይወጣውም፤ ውሃ ስለማይመጥ ወለል አይወለወልበትም፣ ሲቃጠል ጥቁር ጭስ ይወጣዋል፣ ሲጣል ቦይ ይደፍናል። ጥጡ ግን በስብሶ አፈር ይሆናል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሸቀጥ፣ ወደ ሸማው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ «ዘላቂ ልብስ» እየተባለ በውድ የሚሰበከው ነገር አብዛኛው በዚህ ሥራ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው፤ አንድ ጋቢ የሚበላውን ፈትል ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ሸማኔው ለመሸመን ከሚወስድበት እጅግ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን በፋብሪካ ክር ያደርግና ማጉን ብቻ የእጅ ፈትል ያደርጋል፤ አንዳንዱም ሁለቱንም ከፋብሪካ ይገዛል። «ሙሉ የእጅ ፈትል ነው» የሚል ሻጭ ካለ ክሩን ማየት ነው። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው እኩል ነው። በሁለቱም የተሠራው መጥፎ አይደለም፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

ሸማኔው ከሽመና ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ መብራትም ነዳጅም አይፈልግም። ከዚህ የሚበልጠውን ጥቅም ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ሸማ የሚሸመነው በሚለበስበት ልክ ነው። የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ዘርግቶ እጅጌና ኮሌታ ሲቆርጥ ከጨርቁ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብጥስጣሽ ሆኖ ይወድቃል። ነጠላ አይቆረጥም፤ ጋቢም አራት ድርብ ሆኖ ጎን ለጎን ይሰፋል እንጂ የሚጣል ቁራጭ የለውም። በአንድ ሰው ቁመና ልክ ስላልተሰፋም ሰው ቢከሳ ቢወፍር ያገለግላል፤ ከአባት ወደ ልጅ ያለ ልብስ ሰፊ ይተላለፋል። ሽርጥም ያው ነው። የቀለሙንም ነገር እናስብ፤ በዓለም የጨርቅ ሥራ ውስጥ ወንዝ በመበከል ዋና ተጠያቂ የሚሆነው የማቅለሚያውና የማጣሪያው ክፍል ነው። የእኛ ሸማ በነጭነቱ ይለበሳል፣ ቀለሙ በጥለቱ ላይ ብቻ ነው። ነጭነቱን ለመጠበቅም እናቶች እንዶድ ይጠቀሙ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ እንዶድ የብልሃርዝያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል ወደ ማወቅ የደረሱትም በዚሁ የልብስ አጠባ ምክንያት ነው።

በወሎ ሽመና የአርጎቦችና የሌሎችም ባለእጆች ሙያ ሆኖ ኖሯል፤ ክብር ግን አላገኘም። ባለሙያን በሙያው መስደብ አገር ያጠፋል ብለው ዳግማዊ ምኒልክ ሳይቀሩ አዋጅ አስነግረዋል። (ጋቢ ተከናንቦ ሸማኔ የሚንቅ ሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ንቀቱ ዛሬ በአፍ ባይነገርም በዋጋው ላይ ይታያል፤ ሱቅ ውስጥ ገብተን የፋብሪካ ልብስ ዋጋ ሳንከራከር ከፍለን፣ የሸማኔውን ግን ግማሹን እንቆርጥበታለን። ሙያው በተገቢው ዋጋ ሲሸጥ ምን እንደሚሆን ያሳዩ አሉ። አዲስ አበባ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ ድርጅት የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝን ሐርና ጥጥን በእጅ እያሸመነ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ የመሠረተችው ለምለም የተባለው ድርጅትም የኢትዮጵያ ሸማኔዎችን ሥራ ለዓለም ገበያ አውጥቷል። የቤተልሔም ጥላሁን የጫማ ድርጅት የሶልሬብልስ ደግሞ መነሻው ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ነው። እነዚህ ልብሶችና ጫማዎች ሐራ ገበያ ላይ ለሚሸምት ሰው አይደርሱም፤ አይደርሱም ማለት ግን ትምህርታቸው አይደርስም ማለት አይደለም።

ጥጥንም ከነዕዳው ማወቅ ይገባል። አንድ ካናቴራ የሚወጣውን ጥጥ ለማብቀል 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ከሐራ በጭፍራ በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው ሚሌን አልፎ ዱብቲ ላይ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ የነበረበትን ስፍራ ያገኛል። እርሻው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚቼል ኮትስ በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሲስፋፋ፣ አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረውን የአዋሽን ዳር ግጦሽ ወሰደባቸው። በ1965ቱ ድርቅ ወቅት ከብቱ የሚሸሽበት ሣር ያጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ጥጥ ነው» ማለት ብቻውን ንጹሕ አያደርግም። የሚያድነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አመራረቱ ነው፤ አርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከበቆሎ በሚዘጋጅ ርጭት ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ወደ ጥጡ እየሳበ የኬሚካል መርጫን እንዲቀንሱ ገበሬዎችን አስተምሯል። ሁለተኛው እኛው እጅ ላይ ነው፤ ያንን ያህል ውሃ የጠጣ ጨርቅ አንድ ክረምት ሳይሆን 10 ክረምት እንዲያገለግል ማድረግ።

ሰልባጁስ? በአሳብ ደረጃ ሌላ ሰው የለበሰውን መልበስ ከሁሉ የተሻለ ቁጠባ ነው፤ አዲስ ጥጥ አይዘራም፣ አዲስ ክር አይፈተልም። ጥራቱም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ልብስ ይበልጣል፤ ይህንን ማንም ሸማች ያውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ያገለገለ ልብስ ማስገባት በኢትዮጵያ የተከለከለ ስለሆነ የሚገባው በኮንትሮባንድ ነው፤ ቀረጥ ያልከፈለ ሸቀጥ ደግሞ ቀረጥ የሚከፍለውን የአገር ውስጥ ልብስ ሰፊ ያዳክማል። በሌላ በኩል ክልከላውም ዋጋ አለው። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. የሰልባጅ ቀረጥን በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር ስታሳድግ፣ አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳን የልብስ ምርቶች ከአጎዋ ዕድል አገደች። በሩን ክፍት ያደረገችው ጋና ደግሞ አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ትልቅ የሰልባጅ ገበያ አላት፤ ከቦንዳው የማይለበሰው ተለይቶ ባሕር ዳርቻዋን ሞልቶታል፤ ገበያው ራሱም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ተቃጥሏል። የሀብታም አገር ትርፍ ልብስ ወደ ድሃ አገር ሲላክ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ቆሻሻ ነው። እኔ እንደማምነው ሰልባጅን ከመተቸት በፊት የራሳችንን ያገለገለ ልብስ እንዴት እንደምናዘዋውር ማሰብ ይሻላል፤ እሱ የማንንም ድንበር አያቋርጥም፣ ሕግም አይጥስም።

ለዚህ ደግሞ የቆየ ሥርዓት አለን። ልብስ የክትና የዘወትር ተብሎ ይለያል። አዲሱ የክት ሆኖ ለበዓልና ለለቅሶ ይቆያል፤ ሲደበዝዝ ለዘወትር ይወርዳል፤ ሲሳሳ እራፊ ተጥፎበት ለእርሻና ለወፍጮ ይሆናል። ያረጀ ነጠላ ስለሚለሰልስ አራስ ሕፃን ይጠቀለልበታል። ከዚያም በላይ ያረጀው ተደራርቦ ድሪቶ ይወጣዋል፤ ብጣሹ ለኩራዝ ክር ይሆናል። በየከተማው በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴም ያገለገለ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ባልዲ ይሰጣል፤ ልብሱ ታድሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ጨርቅ ለብቻው ይሰብሰብ ብሎ በአባል አገሮቹ ላይ የጣለው ግዴታ ሥራ ላይ የዋለው ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ድሪቶ ለብሶ መታየት የድህነት ምልክት ሆኖ መቅረቱን ግን አልክድም። ማንም ሰው በግድ እንዲለብሰው አልመኝም፤ የምመኘው የተጠገነ ልብስ እንዳያሳፍር ነው።

የልብስ ሰፊውን ነገር ሰዎች አሳንሰው ያዩታል። ከእግር ስፌት መኪናው ኋላ የተቀመጠው ሰው አዲስ ከመስፋት ይልቅ በጥገና ብዙ ሀብት ያድናል። ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ኮሌታው ተፈትቶ ቢገለበጥ እንደ አዲስ ይሆናል። ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ ከውስጥ በኩል ጨርቅ ከተደረገለት ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ልጅ ሲያድግ የሚለቀቅ እጥፋት ያለው ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ይማርበታል፤ ስለዚህ ዩኒፎርም ሲያሰፉ «እጥፋቱን ሰፋ አድርገው» ማለት ይገባል። የተሰፋ ልብስ ሲገዙም ገልብጦ ውስጡን ማየት ነው። ስፌቱ ላይ የተረፈው ጨርቅ ከግማሽ ጣት ካነሰ ሊሰፋም ሊጠገንም አይችልም። ሁለቱን ወገን ይዘው ሳብ ሲያደርጉ በስፌቱ መካከል ብርሃን ከታየ ክሩ ልል ነው። ወደ ፀሐይ ሲያነሡት እንደ ወንፊት የሚያሳይ ጨርቅ፣ በዓላማ ስስ እንደሆነው ነጠላ ካልሆነ በቀር፣ ዕድሜ የለውም።

የሐበሻ ቀሚስ ለምታሠራ ሴት አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ጥለቱ በደንብ የተሠራ ከሆነ ከጨርቁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ቀሚሱ ሲያረጅ ጥለቱን ፈትቶ በአዲስ ጨርቅ ላይ መስፋት ይቻላል። ለዚህም ሲሰፋ መጀመሪያውኑ በሙጫ ሳይለጠፍ፣ በቀላሉ በሚፈታ ስፌት እንዲያያዝ ልብስ ሰፊውን ማዘዝ ነው። በገጠር ሸማኔው ብዙ ጊዜ ገበሬም ስለሆነ ክረምት ከገባ ሥራው ይዘገያል፤ ለነሐሴ የምትፈልገውን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ማሸመን አለባት። ያልታጠበ ሸማ ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ፤ ልብስ ሰፊው ቸኩሎ ሳያጥበው ሊቆርጥ ሲል፣ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ታስቁመው።